የሴናፖ ሰማይና የበርባንክ ክንፎች

ከፌርፋክስ ጎዳና ተነስቶ በሆሊውድ በኩል የካዌንጋን መተላለፊያ ያለፈ ሰው መጀመሪያ የዩኒቨርሳልን ግቢ ያገኛል። ትንሽ አለፍ ሲል በርባንክ ነው፤ የዋርነር ብራዘርስ የቀረጻ አዳራሾችና የዲዝኒ ዋና ስቱዲዮ ያሉበት ከተማ። የዘመናችን ልጆች በስም የሚያውቋቸው ክንፋም ፈረሶች፣ ግማሽ ንስር ግማሽ አንበሳ የሆኑ ግሪፊኖች፣ ሰው ካላከበራቸው የማያስጠጉ ኩሩ ፍጥረታት ብዙዎቹ በእነዚህ ግቢዎች እጅ አልፈው ነው ለዓለም የታዩት። የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት በ2002 ሊትል ኢትዮጵያ ብሎ ከሰየመው ከዚህ የፌርፋክስ ሰፈር እስከዚያ ድረስ መንገዱ ካልተጨናነቀ በመኪና ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ነው።

በእነዚህ ክንፋም ፍጥረታት ረጅም ታሪክ ውስጥ ኢትዮጵያ የት ነበረች? አሁንስ የት ናት? ጥያቄው እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ሂፖግሪፍ የሚባለው፣ የንስር ራስና ክንፍ ከፈረስ ገላ ጋር የተጋጠመለት ፍጥረት፣ በሥነ ጽሑፍ ከበረራቸው በረራዎች ሁሉ ዝነኛው መዳረሻው ኢትዮጵያ ነው። ይህን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ጥቂት መሆኑ ያሳዝነኛል። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፌያለሁ።)

ነገሩ ከጥንት ይጀምራል። በ79 ዓ.ም. ቬሱቪየስ ሲፈነዳ የሞተው ሮማዊው ፕሊኒ ‹የተፈጥሮ ታሪክ› በተባለው ሰፊ ሥራው ስምንተኛ መጽሐፍ ላይ ኢትዮጵያ ክንፍም ቀንድም ያላቸው ፈረሶች እንደምታፈራ ይናገራል፤ ፔጋሲ ይላቸዋል። በአሥረኛው መጽሐፍ ደግሞ ጆሯቸው የቆመ፣ መንቁራቸው የተቆለመመ ግሪፊኖች በኢትዮጵያ አሉ መባሉን ያነሣና ወሬውን ተረት አድርጎ እንደሚቆጥረው ይገልጻል። የግሪክና የሮማ ጸሐፍት ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር፣ በተለይም የኩሽን አገር እንጂ የአክሱምን ግዛት ለይተው ማለታቸው እንዳልሆነ መዘንጋት የለበትም። ቢሆንም ስሙ እኛ ዘንድ ሲጸና ከነተረቱ ነው የጸናው፤ በኋላ የመጡት አውሮፓውያንም ሁለቱን አልለዩዋቸውም።

የአንድሮሜዳ ታሪክ ከዚሁ ጎራ ነው። የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስና የንግሥት ካሲዮፔያ ልጅ ናት፤ እናቷ በውበት ስለታበየች በባሕር አውሬ ልትበላ ከዓለት ጋር ታሰረች፤ ፔርሲዮስ በአየር መጥቶ አዳናት። ሮማዊው ኦቪድ ታሪኩን ሲተርክ አገሩን በግልጽ ኢትዮጵያ ይለዋል፤ በሌላ ግጥሙም የልጅቱን መልክ ጠይም አድርጎ ያነሣዋል። በጥንቱ ተረት ፔርሲዮስ የበረረው በክንፋም ጫማ ነበር፤ ክንፋሙን ፈረስ ፔጋሰስን እንዲጋልብ ያደረጉት በኋላ የመጡ ጸሐፍትና ሠዓሊዎች ናቸው። ሰማዩ ግን ሁሉንም ጎረቤት አድርጓቸዋል፦ ኬፌዎስ፣ ካሲዮፔያ፣ አንድሮሜዳና ፔጋሰስ የተባሉት የከዋክብት ስብስቦች ተያይዘው ይታያሉ። አንድ የኢትዮጵያ ንጉሣዊ ቤተሰብና አንድ ክንፋም ፈረስ በየሌሊቱ በዓለም ሁሉ ላይ ያልፋሉ።

ሂፖግሪፉ ራሱ የተወለደው ከአንድ የማይቻል ነገር ነው። ሮማዊው ቨርጂል በስምንተኛው የእረኞች ግጥሙ፣ ዓለም ከተገለባበጠች እንግዲህ ግሪፊን ከፈረስ ጋር ይዳራ እንደማለት ያለ ቃል ለአንድ ልቡ የተሰበረ እረኛ ይሰጠዋል። ግሪፊን ፈረስን ያድናታል፣ ይበላታልም ተብሎ ስለሚታመን ሁለቱ ሊጋቡ አይችሉም ነበር። ከ1500 ዓመታት በኋላ የፌራራው ባለቅኔ ሉዶቪኮ አሪዮስቶ ያንን የማይሆን ነገር እንደሆነ አድርጎ ጻፈው፦ ከግሪፊን አባትና ከፈረስ እናት የተወለደ፣ ላባው፣ ክንፉና የፊት እግሩ የአባቱ፣ ሌላው የእናቱ የሆነ እንስሳ። ‹ኦርላንዶ ፉሪዮዞ› የተባለው ታላቅ ግጥሙ መጀመሪያ በ1516 ታተመ፤ አስፋፍቶ በ46 ምዕራፍ ያወጣው ደግሞ በ1532 ነው።

በግጥሙ ውስጥ ሂፖግሪፉን መጀመሪያ የምናገኘው አትላንቴ ከሚባል ጠንቋይ ጋር ነው። ከእርሱ እጅ ሩጀሮ ወደሚባል ባላባት ይሻገራል። ሩጀሮ ልጓሙን ሳያውቅ ወጥቶ ወደማያውቀው አገር ይወሰዳል፤ ኋላ መግራት ሲማር ከዓለት ጋር የታሰረችውን አንጀሊካን ከባሕር አውሬ ያድናታል። ይህ በግልጽ የአንድሮሜዳ ታሪክ ነው፤ ኢትዮጵያዊቷ ልዕልት ስምና አገር ተቀይሮላት እንደገና ታስራለች። ፈረንሳዊው አንግር በ1819 ትዕይንቱን ሥሎታል፤ ሥዕሉ ሉቭር ይገኛል። ከዚያ እንስሳው በእንግሊዛዊው መስፍን በአስቶልፎ እጅ ይወድቃል፤ የእኛ ጉዳይ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

በ33ኛው ምዕራፍ አስቶልፎ የዓለምን አገሮች ከላይ እያየ ይበርና ኢትዮጵያ ላይ ይወርዳል። ንጉሡ ሴናፖ ይባላል፤ አሪዮስቶ፣ በአውሮፓ ተረት ፕሬስተር ጆን የሚባለው ክርስቲያን ንጉሥ ነው ይላል። ግብሩ የማይቆጠር ባለጸጋ ነው፤ ቤተ መንግሥቱ በዕንቁና በወርቅ የተዋበ፣ አገሩ የሽቱና የበለሳን መገኛ ነው። የግብፁ ሱልጣን ሳይቀር ይገብርለታል፤ ምክንያቱም ሴናፖ ዓባይን ከመንገዱ አስቶ ካይሮንና አካባቢዋን በረሃብ ሊቀጣ ይችላል። ይህን የጻፈው ሰው ኢትዮጵያን አይቶ አያውቅም። ዓባይን መገደብ የሚለው ማስፈራሪያ ግን ከምናቡ የመነጨ አይደለም፦ ዐፄ ዓምደ ጽዮን በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በግብፅ ክርስቲያኖች ላይ የደረሰውን በደል በመቃወም ለሱልጣኑ እንዲህ ያለ መልእክት መላካቸውን የግብፅ ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። እንዲያውም አንዳንድ ተመራማሪዎች ሴናፖ የተባለውን ስም ከንጉሡ የዙፋን ስም ከገብረ መስቀል ጋር ያያይዙታል። የሸዋና የአምሓራ ቤተ መንግሥት ወሬ ጣሊያናዊው ባለቅኔ ጆሮ እስኪደርስ ሁለት መቶ ዓመት ፈጅቶበታል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሀብት ያለው ንጉሥ ግን ዕውርና ረኃብተኛ ነው። በወጣትነቱ ታብዮ፣ ምድራዊቷ ገነት ያለችበትን ከዓባይ ምንጭ በላይ የቆመ ተራራ ሊወር ዝሆንና ግመል አስከትሎ ዘመተ። መልአክ ወርዶ ከሠራዊቱ መቶ ሺህ ገደለ፤ የንጉሡን ዓይን አጠፋ። ከዚያ ወዲህ ማዕድ በቀረበ ቁጥር የሴት ፊትና የአሞራ ገላ ያላቸው ሃርፒ የሚባሉ አውሬዎች ወርደው ምግቡን ይነጥቃሉ፤ የተረፈውን ያረክሱታል። መዳኛው አንድ ብቻ ነው፦ በክንፋም ፈረስ የተቀመጠ ባላባት በአየር ሲመጣ። የማይሆን ነገር ስለመሰለው ንጉሡ ተስፋ ቆርጧል።

በዚህ መሐል አስቶልፎ ከሰማይ ይወርዳል። ሕዝቡ ሲጮህ ሰምቶ ሽማግሌው ንጉሥ በትሩን ጥሎ፣ እየዳበሰ ይወጣና እግሩ ላይ ይወድቃል፤ ከእግዚአብሔር የተላከ መሲሕ መስሎታል። አስቶልፎ እኔም ሟችና ኃጢአተኛ ነኝ ብሎ ያነሣዋል። ማዕድ ይዘረጋል፤ አውሬዎቹ ሲመጡ ሰይፍ አይበሳቸውም፤ አስቶልፎ የሚያስደነግጠውን ቀንደ መለከቱን ነፍቶ እስከ ሲኦል አፍ ያሳድዳቸዋል። ከዚያ በሂፖግሪፉ ወደ ተራራው ይወጣል፤ ወንጌላዊው ዮሐንስ ይቀበለውና በኤልያስ ሠረገላ ወደ ጨረቃ ይወስደዋል። ጨረቃ ላይ በምድር የጠፋ ነገር ሁሉ ተከማችቷል፤ በፍቅር ያበደው የኦርላንዶ አእምሮም በጠርሙስ ተቀምጧል። አስቶልፎ ሲመለስ በተራራው ቅጠል የሴናፖን ዓይን ያበራል፤ ከኢትዮጵያም ጦር ይረከባል። ፈረስ ስላልነበረው ድንጋይ ወደ ፈረስ ይለወጥለታል። በመጨረሻም ሥራው ሲያበቃ ሂፖግሪፉን ልጓሙን አውልቆ ነጻ ይለቀዋል።

ይህን ታሪክ ደጋግሜ ባነበብኩት ቁጥር አንድ ነገር ይበልጥ ይታየኛል። በአሪዮስቶ ዘንድ እንስሳው ኩሩ አይደለም፤ የሠለጠነ መጓጓዣ ነው። ኩራቱ የንጉሡ ነው። ሴናፖ የተቀጣው በመታበዩ ነው፤ የዳነውም ዝቅ ብሎ በመቀበሉ ነው። ያ ኩራት ከንጉሡ ወጥቶ ወደ እንስሳው የገባው በኛ ዘመን፣ በልጆች መጽሐፍ ውስጥ ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

አሪዮስቶ ይህን ከየት አገኘው? አንዱ ምንጭ ፕሬስተር ጆን ጽፎታል ተብሎ በ1165 አካባቢ በአውሮፓ የተሰራጨው የፈጠራ ደብዳቤ ነው። ንጉሡ በአገሩ አሉ ካላቸው እንስሳት መካከል ግሪፊንና ፊኒክስ ይገኙበታል። መጀመሪያ ንጉሡን በእስያ ፈለጉት፤ ከ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ግን ወደ ኢትዮጵያ አዞሩት፣ አውሬዎቹም አብረው ዞሩ። ሁለተኛው ምንጭ ሕያው ሰው ነበር። ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በ1441 በፍሎረንስ ጉባኤ ላይ ታይተዋል፤ ሮም ውስጥ በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ማረፊያ ነበራቸው። ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ግእዝ ከእነርሱ ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን በ1513 ሮም ላይ አሳተመ፤ በግእዝ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። ‹ኦርላንዶ ፉሪዮዞ› የወጣው ከዚያ ሦስት ዓመት በኋላ ነው። የፖርቱጋል መልእክተኞች ዐፄ ልብነ ድንግል ዘንድ የደረሱት በ1520 ስለሆነ፣ ሂፖግሪፉ አብሯቸው ከመጣው ካህን ከአልቫሬዝ አራት ዓመት ቀድሞ ኢትዮጵያ ገብቷል ማለት ይቻላል።

ሴናፖ በዚህ አላበቃም። ቶርኳቶ ታሶ በ1581 ባወጣው ‹ነጻ የወጣች ኢየሩሳሌም› በተባለ ግጥሙ ጀግናዋን ክሎሪንዳን የሴናፖ ልጅ ያደርጋታል፤ እናቷ የጸነሰቻት በቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ሥር እየጸለየች ነበር።

ስለ ግሪፊን ሲነሣ ዳንቴን መዝለል አይቻልም። በ‹መንጽሔ› መጨረሻ ላይ የቤተ ክርስቲያንን ሠረገላ የሚስበው ግሪፊን ነው፤ የንስሩ ክፍል ወርቅ፣ የአንበሳው ነጭና ቀይ የተቀላቀለበት። አብዛኞቹ ተርጓሚዎች ክርስቶስን፣ ሁለቱ ገላዎችም ሁለቱን ባሕርያት ያመለክታሉ ይላሉ። በተዋሕዶ ትምህርት ያደገ አንባቢ እዚህ ላይ ይቆማል። የሁለት እንስሳ አካል ድንበሩ እየታየ የተገጣጠመበት ምሳሌ አንድ አካል አንድ ባሕርይ ለሚል እምነት አይስማማም። ይህ ልዩነት ዝንቅ ፍጥረት በኢትዮጵያ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ለምን እንደ አውሮፓ እንዳልበዛ በከፊል ያስረዳ ይሆናል የሚል ግምት አለኝ።

በኛ ዘንድ ክንፍና የአውሬ ፊት አንድ ላይ የሚገኙት በመንበረ ሥላሴ ሥር ነው። አርባዕቱ እንስሳ ገጸ ሰብእ፣ ገጸ አንበሳ፣ ገጸ ላሕምና ገጸ ንስር ናቸው፤ በዓላቸው ኅዳር 8 ይከበራል። በየቤተ ክርስቲያኑ የሥላሴን ሥዕል ቀርቦ ላየ፣ ሦስቱ ነጭ ጢም ያላቸው አረጋውያን በአንድ መልክ ተቀምጠው፣ በአራቱ ማዕዘን እነዚህ አራቱ ወደ ውስጥ ያያሉ። የአንበሳው ዓይን እንደ ሰው ዓይን ክብና ሰፊ ነው፤ የበሬው ቀንድ ከክንፉ ጫፍ ጋር ሊነካካ ይደርሳል። ትውፊቱ ደግሞ እያንዳንዱ ስለ ወገኑ ይለምናል ይላል፦ ባለ ሰው ፊቱ ስለ ሰው፣ ባለ አንበሳ ፊቱ ስለ ዱር አራዊት፣ ባለ በሬ ፊቱ ስለ ቤት እንስሳት፣ ባለ ንስር ፊቱ ስለ አዕዋፍ። እንዲህ ያለ ሐሳብ በየትኛውም የአውሮፓ የአውሬ መጽሐፍ አላገኘሁም። እነዚህ ፍጥረታት ለራሳቸው ክብር የሚቆሙ ሳይሆኑ ለሌላው አፍ የሆኑ ናቸው።

የጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ክንፍ ባላቸው ፊቶች ተሸፍኗል፤ ሁሉም ወደ ታች ያያሉ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ገመድ ሲቆረጥባቸው ስድስት ክንፍ እንዳወጡ ገድላቸው ይነግረናል፤ ሥዕላቸውም በአንድ እግር ቆመው ከነክንፎቻቸው ነው። ላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስ የሄደ ሰው የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ኮቴ ነው የሚባለውን ያሳዩታል። በይምርሐነ ክርስቶስ ጣሪያ የእንጨት ገበታዎች ላይ እውነተኛና የምናብ እንስሳት ተሥለዋል። ክንፍ ለእኛ ሩቅ ነገር አልነበረም።

የመጽሐፍ ምንጭም አለን። ‹ፊሳልጎስ› የተባለው የግሪኮች የእንስሳት መጽሐፍ በአክሱም ዘመን ወደ ግእዝ ተመልሷል፤ ሆመል የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ በ1877 አሳትሞታል። ፊኒክስ አለበት። በመጽሐፉ ትውፊት ከሚነገሩት ሁሉ የሚያስደንቀኝ የአንበሳና የጉንዳን ልጅ ነው፤ አባቱ ሥጋ በል፣ እናቱ እህል በል ስለሆኑ ሁለቱንም መብላት አቅቶት በረኃብ ይሞታል። የሂፖግሪፍ ተቃራኒ ነው፤ አንዱ ከሁለት ወገን መወለዱ ክንፍ ሰጠው፣ ሌላውን ገደለው። በስደት አገር ልጅ የሚያሳድግ ሰው በዚህ ታሪክ ላይ ብዙ ሊያስብ ይችላል።

ጠልሰሙን መርሳት የለብንም። ደብተራዎች በብራና ክታብ ላይ የሚሥሏቸው ዓይኖች፣ በከዋክብት መሐል የተቀመጡ ፊቶችና ሰይፍ የመዘዙ ክንፋም መላእክት በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደገና የተነሡት በእስክንድር ቦጎሲያን እጅ ነው። በ1964 የሣለው ‹የፍርሃትና የደስታ የሌሊት በረራ› የተባለው ሥዕል አሁን በሰሜን ካሮላይና የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። ምናባዊ ክንፋም ፍጥረትን ከኢትዮጵያ ባህል አውጥቶ፣ ቅዱሱን ሳይነካ፣ የራሱ ዓለም አድርጎ ያቆመ ሰው ብጠየቅ መጀመሪያ የምጠራው እርሱን ነው።

ስለ በረራ ሌላ የውጭ ሰው ጽፎልናል። ሳሙኤል ጆንሰን፣ የኢየሱሳዊውን የሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ በ1735 ወደ እንግሊዝኛ ከመለሰ በኋላ፣ በ1759 ‹ራስላስ›ን ጻፈ። በአምሓራ ሸለቆ ውስጥ የሚኖር አንድ ባለ እጅ ክንፍ ይሠራል፤ ሲዘል ሐይቅ ውስጥ ይወድቃል፤ በአየር ያልረዱት ክንፎች በውኃ ላይ ያንሳፍፉታል። ሲራክ ኅሩይ መጽሐፉን ወደ አማርኛ መልሶታል፤ ስለዚህ የአማርኛ አንባቢ ይህን በረራ ያውቀዋል። የአስቶልፎን ግን አያውቀውም።

ወደ በርባንክ እንመለስ። ዲዝኒ እዚያ በገባበት ጊዜ፣ በ1940፣ ‹ፋንታዚያ› የተባለውን ፊልም አወጣ። በቤትሆቨን ስድስተኛ ሲምፎኒ የታጀበው ክፍል ጥቁር የፔጋሰስ አባት፣ ነጭ እናትና የልዩ ልዩ ቀለም ግልገሎቻቸው ሲበሩ ያሳያል፤ ውብ ነው። በዚያው ክፍል ውስጥ ግን ግማሽ ሰው ግማሽ አህያ የሆነች ትንሽ ጥቁር ልጅ የነጮቹን ሰኮና ስታጸዳ ትታይ ነበር። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያ ክፍል ከፊልሙ ተቆርጧል። ግማሽ ገላቸው የሜዳ አህያ የሆኑት ሁለት ጥቁር አሽከሮች ግን ቀርተዋል። ክንፍ ለማን ተሰጠ፣ አገልጋይነት ለማን ተሰጠ የሚለውን ይህ አንድ ፊልም በቂ አድርጎ ያሳያል። ፕሊኒ ክንፋሞቹን ፈረሶች የሰጠው ለኢትዮጵያ ነበር።

ዋርነር ብራዘርስ በ2010 ባወጣው ‹የታይታኖች ግጭት› ፊልም ፔርሲዮስ ጥቁር ፔጋሰስ ይጋልባል። አንድሮሜዳ ግን የአርጎስ ልዕልት ሆናለች። በ1981 የወጣው የቀድሞው ፊልምም ኢዮጴ ላይ አድርጎት ነበር። ኢትዮጵያ የሚለው ስም ከታሪኩ ወጣ፤ ፈረሱ ብቻ ቀረ። ይህ ከምንም በላይ ቅሬታ አድርጌ የምይዘው ነው፤ የኦቪድን መጽሐፍ አንድ ገጽ መግለጥ ይበቃ ነበርና።

ከዚያ ባክቢክ አለ። ጆአን ሮውሊንግ በ1999 ባሳተመችው ሦስተኛው የሃሪ ፖተር መጽሐፍ ውስጥ ያለው ሂፖግሪፍ ነው፤ በ2004 አልፎንሶ ኩዋሮን ያዘጋጀው ፊልም በዋርነር ስም ወጣ። የተቀረጸው እንግሊዝ ነው፤ በኮምፒውተር የሠራው የለንደኑ ፍሬምስቶር ሲሆን ሙሉ መጠን ያላቸው ሞዴሎችም ተሠርተዋል። የባክቢክ ሕግ ቀላል ነው። ቀድመህ ትሰግዳለህ፤ ዓይንህን ሳታርገበግብ ትጠብቃለህ፤ እርሱም ራሱን ዝቅ ካደረገ ልትነካው ትችላለህ። ከሰደብከው ያቆስልሃል። በመጽሐፉ የሰደበው ባለጸጋ ልጅ ቆሰለ፤ አባቱ ሥልጣኑን ተጠቅሞ በእንስሳው ላይ ሞት አስፈረደ። ሮውሊንግ ኩራቱን ከንጉሡ ነጥቃ ለእንስሳው ስትሰጥ የታሪኩን ፍርድ ገለበጠችው፦ በሴናፖ ዘንድ ኩራት የሚቀጣ ነበር፣ በባክቢክ ዘንድ ግን ኩራቱን የናቀው ነው ጥፋተኛው።

ዩኒቨርሳል በ2016 በከፈተው የሃሪ ፖተር ግቢ ውስጥ በሂፖግሪፍ ስም የተሠራ አንድ ደቂቃ ገደማ የሚወስድ የልጆች ባቡር አለ። ባቡሩ ገና ሲነሣ ጎጆው ላይ የተቀመጠው አምሳል አንገቱን ዝቅ ያደርጋል። ከፌርፋክስ ከመጡ ቤተሰቦች ጋር ወረፋ ስንጠብቅ፣ አንድ ልጅ ነጠላ ለለበሱ አያቱ ‹‹እማዬ፣ መጀመሪያ እጅ ካልነሣሽው ይቧጭርሻል›› ሲል ሰማሁ። እርሳቸውም ‹‹እንዴታ ልጄ፣ ማን ሰላም ሳይሉት ያስጠጋል!›› አሉ። ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም። ንጉሥ በፈረሱ ስም አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው እየተባለ ይጠራ በነበረበት ባህል ላደገ ሰው ክብሩን የሚያውቅ እንስሳ አዲስ ነገር አይደለም። ቴዎድሮስና ምኒልክ ስማቸውን ከፈረሶቻቸው ጋር ተካፍለዋል።

የቀረውን የበርባንክና የአካባቢው ምርት በአጭሩ ልለፈው። የ1997ቱ የዲዝኒ ‹ሄርኩለስ› ፔጋሰስን የልጅ ጨዋታ ጓደኛ አደረገው። በዲዝኒ የተሰራጨው የ2005ቱ ናርንያ ፊልም ላይ ግሪፊኖች በጦርነት ድንጋይ ይጥላሉ። በቪዲዮ ጌሞች ውስጥ ሂፖግሪፍና ግሪፊን እንደ ታክሲ ሰው ያመላልሳሉ፤ ክብራቸው የለም። አዲስ አበባ ያደግን ብዙዎቻችን ክንፋም ፈረስን መጀመሪያ ያየነው በሞቢል ማደያ ላይ በቀይ ቀለም ተሥሎ ስለነበር፣ ለዚህ ዓይነቱ አጠቃቀም አዲስ አይደለንም።

አማርኛው ራሱስ? የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ‹ጦቢያ›፣ በ1908 ሮም ላይ ነው የታተመው፤ ሴናፖ በታወቀበት አገር። ከበደ ሚካኤል በ‹ታሪክና ምሳሌ› እንስሳትን አናግረዋል። ይስማዕከ ወርቁ በ‹ዴርቶጋዳ› የገዳም ምስጢርና ሳይንስን አጋጥሞ ብዙ አንባቢ አፍርቷል። ኢታን ኮሚክስ በ2018 ‹ጀምበር› የተባለውን ልዕለ ጀግና በአማርኛና በእንግሊዝኛ አውጥቷል። የምናብ ፍላጎት አለ፤ ክንፋሙ ፍጥረት ግን ገና ወንበር አላገኘም።

አንዳንድ ወጣት ጸሐፊዎች ኪሩቤልንና አርባዕቱ እንስሳን ወደ ልብ ወለድ ገጸ ባሕርይነት ማምጣት እንደሚፈልጉ ሲናገሩ እሰማለሁ። እኔ አልደግፈውም። ኅዳር 8 ቅዳሴ የሚቆምላቸውን ፍጥረታት በሰይፍ ውጊያና በልጆች መጫወቻ ውስጥ ማስገባት አማኙን ያቆስላል፤ ጸሐፊውንም ነጻ አያደርገውም፤ ምክንያቱም የተቀደሰ ነገር ላይ መፍጠር አይቻልም፣ ማጉደል ብቻ ነው የሚቻለው። በአንጻሩ የሴናፖ ታሪክ የማንም ጸሎት አይደለም። የፕሊኒ ቀንዳም ክንፋም ፈረሶችም፣ የፊሳልጎስ የጉንዳን አንበሳም፣ የአንድሮሜዳ አባት አገርም እንዲሁ ክፍት ናቸው።

ሥራው የሚጀምረው ከትርጉም ነው። የ‹ኦርላንዶ ፉሪዮዞ› 33ኛ፣ 34ኛና 38ኛ ምዕራፎች በአማርኛ ቢታተሙ አንድ ትንሽ መጽሐፍ ይወጣቸዋል፤ ጣሊያንኛ የሚያውቁ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ሞልተዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ልብ ወለድ ነው፣ እርሱም ከአዳራሹ ውስጥ መነገር አለበት። አሪዮስቶ በዚያ ቤተ መንግሥት ትዕይንት ከንጉሡ በቀር አንድም ኢትዮጵያዊ በስሙ አልጠራልንም። አጋፋሪው ማን ነበር? ሃርፒዎቹ በየቀኑ ያረከሱትን ማዕድ በየቀኑ እንደገና ያሰናዱት ወጥ ቤቶችና ጠጅ ጣዮች ምን ይሉ ነበር? በክንፋም ፈረስ የሚመጣ ሰው እንዳለ ትንቢቱን የጻፈውና ንጉሡ ተስፋ ሲቆርጥ እርሱ ያልቆረጠው ደብተራስ? ዓይኑ የበራለት ንጉሥ በመጀመሪያ ያየው የማንን ፊት ነው? እነዚህን ሰዎች ከነስማቸው፣ ከነአነጋገራቸው የሚጽፋቸው የአማርኛ ደራሲ ያስፈልጋል፤ ለበርባንክ ከመቅረቡ በፊት እዚህ ፌርፋክስ ላይና አዲስ አበባ ላይ ሊነበብ ይገባዋል።